የሳቂታ እናት

ጥቅምት ፰ ቀን

ውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? ይህን የጠየቅሁት ለወጉ ነው እንጂ ጤና እንዳልሆኑ አውቃለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ያለፈው ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ደጋግሜ አነበብኩት፤ ባነበብኩት ቁጥር ተናደድኩ።

ሳልዎ ከሻማ ጭስ የመጣ እንደሆነ ጽፈውልኛል። አባባ፣ እኔ እኮ የምሠራው የሳንባ ሕሙማን ክፍል ውስጥ ነው። እዚህ አልጋ ይዞ ከተኛው ሰው ግማሹ «የጭስ ነው» እያለ የመጣ ነው፤ ሌላው ደግሞ «ብርድ መቶኝ ነው» ይላል። «ሳንባ ነቀርሳ ሳይሆን አይቀርም» ብሎ በእግሩ የመጣ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ሻማ ይህን ያህል ወር አያስልም። አንሶላ የሚያርስ ላብም ከሻማ አይመጣም። ላቡን ማን ነገረሽ እንዳይሉኝ፤ «ሌሊት ሌሊት ይሞቀኛል፣ እርጅና እንዲህ ነው መሰለኝ» ብለው የጻፉት እርስዎ ራስዎ ነዎት።

በሽታ ሰውን ይይዛል፤ በሱ አልቆጣም። የሚያስቆጣኝ ያ ክፍል ነው። ጡረታ ከወጡ በኋላም እንደ ድሮው እሑድ እሑድ ለሕፃናቱ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ በማስተማርዎ እኮራለሁ፤ ለሥራ ባልደረቦቼም አወራለሁ። ግን ክፍሉን አውቀዋለሁ። ጎረቤት ያለው ጋራዥ ቆርቆሮ ሲቀጠቅጥ ድምፄ ይዋጣል ብለው መስኮቶቹን በሽቦ ጠፍረዋቸዋል። መጽሐፉ አንድ ብቻ ነው። ልጆቹ በሙሉ ጭንቅላት ለጭንቅላት ገጥመው እሱ ላይ ይደፋሉ፤ እርስዎ መሐላቸው ሆነው ያነባሉ፤ አንዷ ገጽ ትገልጣለች። አምና ስመጣ ገጽ ገላጯ ያቺ ሳቂታ የሚሏት የልብስ ሰፊዋ ልጅ ነበረች። ክርንዎ ሥር ተለጥፋ አየኋት። እርስዎ ሲያስሉ ከእሷ የሚቀርብ ሰው የለም።

«የእስክንድርያ ክርስቲያኖች በቸነፈር ዘመን ከሕሙማን አልሸሹም፤ እኔ ከሳል ልሽሽ?» ብለው ለጻፉልኝ መልሴ ይኸውና፦ እነሱ ጤነኞች ሆነው ወደ ታመመው ሄዱ። እርስዎ ግን የታመመው ሰው ነዎት፤ በር ዘግተው ያስቀመጧቸው ደግሞ ጤነኞቹን ነው። ታሪኩን ገልብጠው ነው የያዙት።

ልመናዬ ብዙ አይደለም። ጤና ጣቢያ ሄደው አክታዎን ያስመርምሩ። ውጤቱ እስኪታወቅ ማስተማሩን ያቁሙ። ይህም ካልሆነልዎ ቢያንስ ሽቦውን ይፍቱት። ክብደትዎ ቀንሷል ወይ? ሳቂታስ ደህና ናት?

አክባሪዎ፣ ግን የተቆጣችው፣
ልጅዎ


ጥቅምት ፳፬ ቀን

ለልጄ፣ ለሐኪሟ፣

የሰማይና የምድር ጌታ አንቺን ከክፉ ይጠብቅሽ፤ እኔን ደግሞ ከብዕርሽ ይጠብቀኝ። ደብዳቤሽ በሰላም ደርሶ ሰላሜን ነሣኝ።

አልከሳሁም። ቀበቶዬ ላይ አዲስ ቀዳዳ ማስበሳቴ እውነት ነው፤ ቀበቶ ግን ቆዳ ነው፣ ቆዳ ደግሞ ሲቆይ ይለጠጣል። ኮቴም ሰፍቶኛል፤ ጨርቁ ድሮም ውሸታም ነበር።

መስኮቱን በተመለከተ፣ ያ ክፍል ከአባቶች የተረከብነው ነው። እነሱ ሲያስተምሩበት በነበረው ሁኔታ እናስተምርበታለን። ነፋስ ገባ አልገባ እያሉ የአባቶችን ሥርዓት መነካካት ካንቺ አልጠበቅሁም።

ደግሞ «ታሪኩን ገልብጠው ነው የያዙት»! ለእኔ! ዕድሜዬን ሙሉ ታሪክ ላስተማርኩ ሰው! ይህ ድፍረት የእናትሽ ነው፤ ነፍሷን ይማርና እሷም እንዲሁ ነበረች። ያ ቸነፈር ሲነሣ ሌላው ሕዝብ ወላጁን ሳይቀር መንገድ ላይ ጥሎ ሸሸ። ክርስቲያኖቹ ግን የወደቀውን አነሡ፣ አጠቡ፣ አጎረሱ፣ የሞተውን ገነዙ፤ ብዙዎቹም አብረው ሞቱ። ቤተ ክርስቲያን እንደ ሰማዕታት ቆጠረቻቸው። ይህን ለልጆች ሳስተምር የኖርኩ ሰው፣ ዛሬ ጉሮሮዬን ከረከረኝ ብዬ ክፍሌን ልዝጋ? ሰው ምን ይላል? የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር ከእኔ ይብስ ያስላል፤ እሱን ማንም ጤና ጣቢያ ሂድ አላለውም። ሳል ነውር የሆነው በእኔ ነው?

ሳቂታን ጠይቀሻል። ጉንፋን ይዟት ሰሞኑን አልመጣችም። ልጅ ናት፣ ይለቃታል። አለመኖሯ ግን ጎድቶኛል። በእሷ ቦታ የቆመችው ልጅ ሁለት ሁለት ገጽ አንድ ላይ እያዞረች ሦስት መቶ ዓመት አዘለለችኝ፤ ሰማዕታቱ ሳይሞቱ ጉባኤ ላይ ደረስን።

ስለ ጤና ጣቢያው አስብበታለሁ። እኔ አስብበታለሁ ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ታውቂያለሽ።

አባትሽ


ኅዳር ፮ ቀን

አባባ፣

ሰላምታዬ አጭር ነው፤ ረዘም ካደረግሁት ይበላሻል። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው የሚለውን ተረት ለአባት መጻፍ ነውር ስለሆነ አልጻፍኩትም።

መስኮቱ ከአባቶች የተረከብነው ነው አሉኝ። ሽቦውን የጠፈሩት እኔ ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ነው! መሰላሉ ሥር ቆሜ መቆንጠጫውን ያቀበልኩዎ እኔ ነኝ። ጋራዡ የተከፈተው በዚያ ዓመት ነው። ከዚያ በፊት መስኮቶቹ እሑድ እሑድ ወለል ብለው ይከፈቱ ነበር፤ እናቴ ውጭ ቆማ ትሰማዎት ነበር። እንግዲህ እርስዎ በቆርቆሮ ድምፅ ተናደው ያደረጉት ነገር ነው ዛሬ የአባቶች ሥርዓት የሆነው። ስንቱ ሥርዓት እንዲህ ተወልዶ ይሆን?

የእውነት የቆየውን ከፈለጉ እነግርዎታለሁ፤ ያስተማሩኝም እርስዎ ነዎት። በኦሪት ዘመን ገላው ላይ ምልክት ያየ ሰው የሚሄደው ወደ ካህኑ ነበር። ካህኑ ያየዋል፣ ለይቶ ያቆየዋል፣ ደግሞ ያየዋል። ሲድንም «ነጽተሃል» ብሎ ወደ ሰው የሚመልሰው ያው ካህን ነው። ራስን ማሳየት ነውር አልነበረም፤ ነውሩ መደበቅ ነበር። በአራተኛው መቶ ዘመን ያ የቂሣርያው ጳጳስ ከከተማው ወጣ አድርጎ ለድውያን ቤት ሲሠራ ሐኪም አስገባበት፤ ለምጻሞቹንም ራሱ እየሳመ ተቀበለ። ለይቶ ማስታመም መጥላት እንዳልሆነ ያን ጊዜ የታወቀ ነገር ነው። አሁን እንደ አዲስ እኔ ለእርስዎ ማስረዳቴ ያናድደኛል።

የሳቂታ ጉንፋን አላመንኩትም። እርስዎም አላመኑትም፤ ስለ ገጽ ቀልደው ማለፍዎ ይህን ነገረኝ።

ስለዚህ ለጤና ጣቢያው ጻፍኩ። አዎ፣ ሳልጠይቅዎ። መጥተው እርስዎንም ልጆቹንም ይመርምሩ ብያለሁ። ይቆጡኝ። በሕይወት ኖረው ቢቆጡኝ እመርጣለሁ።

ልጅዎ


ኅዳር ፳፫ ቀን

ለጤና ጣቢያው መልእክተኛ፣ ለልጄ፣

ደስ ይበልሽ፤ አዋረድሽኝ።

ስለ ሰማዕታት እያነበብኩ፣ ልጆቹ ትንፋሻቸውን ውጠው እየሰሙ፣ በሩ ተበረገደና አፏን በጭምብል የሸፈነች ወጣት ገባች። «ሲያስሉ የነበሩት መምህር እርስዎ ነዎት?» አለችኝ። በልጆቹ ፊት! ከኋላዋ የጋራዡ ሠራተኞች አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። መቆንጠጫ ከእነሱ ተዋሰችና ሽቦዬን አንድ በአንድ ቆረጠችው። ልጆቹን ወደ ግቢው አወጣቻቸው። እኔን ለብቻዬ፣ አጥር ሥር አቆመችኝ፤ የቡና ስኒ የምታህል የአክታ መያዣ ዕቃ አስጨበጠችኝ። ወላጆች ሲመጡ ያገኙኝ እንዲህ ቆሜ ነው። ለጡረተኛ የሚቀረው ክብሩ ነበር፤ አንቺ እሱን በፖስታ ላክሽው።

ውጤቱ እንዳልሽው ነው። ሳንባ ነቀርሳ ነው፤ የሚተላለፈው ዓይነት።

ሳቂታም እንደዚያው።

ይህን ጽፌ ብዕሩን አስቀምጬ ተነሥቼ ነበር። ሌሎቹ ልጆች ደህና ናቸው፤ የሚከላከል ክኒን ሰጥተዋቸዋል። እሷን ግን ቤቷ ሄደው ሲያገኟት አጥንቷ ብቻ ቀርቶ ነበር። ሆስፒታል አስተኝተዋታል። ጉንፋን እንዳልሆነ ካወቅሁ ቆይቷል። እናቷ አንድ ቀን መንገድ ላይ አስቁማኝ ልጄ እህል አልወስድ አለች ብላኝ ነበር፤ ጸልዩላት አልኳት።

ስለ መስኮቱና ስለ ካህኑ ለጻፍሽው አሁን አልመልስም። ስለተቆጣሁሽም ይቅርታ አልጠይቅም። ቁጣዬ እስኪበርድ ባትጽፊልኝ ይሻላል።

አባትሽ

ማሳሰቢያ፦ መድኃኒቱን ከጀመርኩ ወዲህ ሽንቴ ቀይ ሆነ። ይህ ደንብ ነው ወይስ ልሞት ነው? ፈጥነሽ ጻፊ።


ታኅሣሥ ፪ ቀን

አባባ፣

አይሞቱም። የክኒኑ ቀለም ነው፤ እንባም ላብም ሊያቀላ ይችላል፤ አይደንግጡ። በየቀኑ ጠዋት ይዋጣል፤ ለስድስት ወር ነው። ሁለት ሳምንት ሲሻልዎ «ዳንኩ» ብለው እንዳያቆሙ፤ ያቆመ ሰው እኔ ዘንድ ነው የሚመጣው፣ ያን ጊዜ ደግሞ መድኃኒቱ አይሠራለትም።

በሰው ፊት ስለሆነው አዝኛለሁ፤ እንዲያ ይደረጋል ብዬ አልነበረም። ስለ መጻፌ ግን አላዝንም። መጥቼ ባስታምምዎ ደስ ባለኝ፤ ሁለት ባልደረቦቼ ታመው ክፍሉ በእኔ ላይ ነው ያለው። እነሱም ከዚሁ ከምንሠራበት ነው የያዛቸው። እኔን ተመርምረሽ ይሆን ብለው እንዳይጨነቁ፤ ደህና ነኝ።

አሁን የምጠይቅዎ ሌላ ነው። ከሰፈራችን አንዲት ሴት ለምርመራ መጥታ አግኝታኝ ነበር። ስለ እርስዎ ከንፈሯን መጠጠችና ምን አለችኝ? «የዚያች የልብስ ሰፊ ልጅ እንዲያ ያሉትን መምህር አስያዘቻቸው።» ሰፈሩ ሁሉ እንዲህ እንደሚል ነገረችኝ። ድሀ ቤት ነው፣ ጠባብ ነው፣ ከዚያ ነው የመጣው ይላሉ አሉ።

አባባ፣ ይህ ውሸት ነው። የዚህ በሽታ ነገር እንዲህ ነው፤ አዋቂ ልጅን ያስይዛል እንጂ ልጅ አዋቂን የሚያስይዘው ከስንት አንዴ ነው። እሷ ሳትታመም ወራት ቀድመው ሲያስሉ የነበሩት እርስዎ ነዎት። ይህ ሲወራ ሰምተዋል? ሰምተው ምን አሉ?

ልጅዎ


ጥር ፲ ቀን

ልጄ፣

ወደ ጥያቄሽ ከመሄዴ በፊት የደረሰብኝን ስሚ፤ ሰምተሽም ፍረጂ።

ጤና ጣቢያው «ከእንግዲህ ለሰው አያስተላልፉም፤ ቤተ ክርስቲያንም ይሂዱ» ብሎ አሰናበተኝ። ኮቴን ለብሼ ሄድኩ። ከተቀመጥኩበት አግዳሚ ላይ ሰዎች አንድ በአንድ ተነሡ፤ ብቻዬን ቀረሁ። መስቀል ልሳለም ብሄድ ከኋላዬ የነበረው ሰልፍ ተበተነ። ውሃ የጠጣሁበትን ጣሳ የጽዳት ሠራተኛዋ በእንጨት አንሥታ ጣለችው። ሊቀ መንበሩ ወደ ጆሮዬ ሳይሆን ከሩቅ ጮክ ብሎ «መምህር፣ ለጊዜው ደጅ ሆነው ቢሳተፉ» አለኝ። እኔን! የእስክንድርያን ታሪክ ልጅ ሆኖ ከእኔ የተማረ ሰው ነው! ደግሞ እያሳለ ነው ያለኝ!

የሚያቃጥለኝን ልንገርሽ። ከዚያ ወጥቼ በማስተማሪያው ክፍል በኩል ሳልፍ ምን ባይ ጥሩ ነው? ያቺ የጤና ጣቢያዋ ወጣት ያስከፈተችውን መስኮት መልሰው በሽቦ ጠፍረውታል። ሌላ መምህር ውስጥ ያስተምራል፤ ልጆቹ መጽሐፉ ላይ እንደተደፉ ናቸው። ጣሳውን ይፈራሉ፣ አግዳሚውን ይፈራሉ፣ መስቀሉን ይፈራሉ፤ የታፈነውን አየር ግን በገዛ እጃቸው ይቆልፋሉ። መስኮቱን በጡጫ መታሁት። የጋራዡ ሰዎች ሳቁ።

ያስተማርኳቸው ሁሉ ሲያዩኝ መንገድ ይሻገራሉ። ቤቴን የረገጠ የለም። አንድ ሰው ብቻ መጣች፤ እሷም ልትሰድበኝ ነው። የሳቂታ እናት ናት። ግቢው መሐል ቆማ፣ ሜትሯ አንገቷ ላይ እንዳለ፣ ጎረቤት እስኪሰማ ጮኸችብኝ። «ልጄ ሆስፒታል ተኝታለች! ሰው እሷ ናት ያስያዘችው ይላል! አንተ ቤትህ ቁጭ ብለህ ሻይ ትጠጣለህ!» አንቱታው ቀረ። ልትሄድ ዘወር ካለች በኋላ ተመለሰችና «መድኃኒትህን ዋጥህ?» አለችኝ። ያን ቀን አስመልሶኝ ትቼው ነበር። ፊቴን አይታ አወቀች። «ዋጠው። እያየሁህ ዋጠው። ልጄ ሳትድን ሞተህ አታመልጠኝም!» ዋጥኩት። በማግሥቱም መጣች።

እንግዲህ ለጥያቄሽ፦ ሰው የሚያወራውን አልሰማሁም። ጆሮዬ እንደ ድሮው አይደለም።

አባትሽ


ጥር ፳፱ ቀን

አባባ፣

ጆሮዎ ደህና ነው። ሊቀ መንበሩ ከሩቅ ያለውን ቃል በቃል ጽፈውልኛል። የሳቂታ እናትም «ሰው እሷ ናት ያስያዘችው ይላል» ማለቷን ራስዎ ጽፈው፣ እዚያው ገጽ ላይ አልሰማሁም ይላሉ።

ስለ አግዳሚውና ስለ ጣሳው ሳነብ አለቀስኩ፤ ከዚያ ጠረጴዛ መታሁ። ያን ሊቀ መንበር ባገኘው ምን እንደምለው እግዜር ይወቅ። በሽታው በጣሳ አይተላለፍም፣ በአግዳሚ አይተላለፍም፣ መስቀል በመሳለም አይተላለፍም። ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ ሰው የሚፈራው የሚታየውን ነው። ክርስቲያን ነን እያሉ የዳነን ሽማግሌ ደጅ ማቆም ምን የሚሉት ነው? የሸሹት አረማውያን እንኳ ቸነፈሩ እውነት ስለነበር ነው የሸሹት።

ግን እርስዎ አንድ እሑድ ብቻዎን አግዳሚ ላይ ቢቀሩ ይህን ያህል ተቃጠሉ። ያቺ ልጅ በሆስፒታል አልጋ ላይ ሆና በሰፈሩ ሁሉ አፍ ውስጥ ናት። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው። ሰፈሩ ታሪክ አጣምሞ ይናገራል፤ የታሪክ መምህሩ ተቀምጦ ያዳምጣል።

በሰው እጅ የላኩት ቁራጭ ወረቀት ደርሶኛል። «መጥቼ ካንቺ ጋር ልኑር» ይላል። ቤቴ ቤትዎ ነው፤ አልጋውንም አዘጋጃለሁ። ግን ያን ውሸት ከኋላዎ ጥለው እንዲመጡ አልፈልግም። እርስዎ ከመጡ እሷን ነጻ የሚያወጣ ሰው እዚያ አይቀርም።

ልጅዎ


መጋቢት ፲፬ ቀን

ልጄ፣

አልመጣም። ስለ አልጋው እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

የሳቂታ እናት አንድም ጠዋት አልቀረችም። ወደ ሥራዋ ስትሄድ ታልፋለች። በሩን አታንኳኳም፤ ከግቢው «አለህ?» ትላለች። እወጣለሁ። ክኒኑን እጄ ላይ አሳያታለሁ፣ እውጣለሁ፣ ምላሴን አውጥቼ አሳያለሁ። ከዚያ ትሰድበኛለች። መጀመሪያ ይዘገንነኝ ነበር፤ አሁን ስድቡ ከክኒኑ ጋር የታዘዘ ይመስለኛል። አንድ ቀን ዝናብ ይዟት ዘገየችና ደጅ ደጁን ሳይ ራሴን አገኘሁት። ልጄ፣ እኔ ብታመም የሚጠይቀኝ ሰው እንደ ቅዱሳን ታሪክ ዝግ ብሎ፣ ፊቱ በርቶ ይመጣል ብዬ ነበር የምጠብቀው። የመጣችልኝ እየተሳደበች ነው።

ሳቂታ ከሆስፒታል ወጥታለች። መድኃኒቱ መረራት፣ አልውጥም ብላ አስቸገረች። እናቷ አንድ ጠዋት «ና፣ አብረሃት ዋጥ፤ ያኔ ትውጥ ይሆናል» አለችኝ። ትእዛዝ ነው፤ ሄድኩ። የሚኖሩት አንድ ክፍል ነው፤ የልብስ ስፌት መኪናው ግማሹን ይዞታል። ደጃፍ ላይ፣ አየር ላይ ተቀመጥን። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለን እኩል ዋጥን። ፊቴን ሳጨማድድ ከት ብላ ሳቀች፤ ያን ሳቅ ካጣሁት ቆይቼ ነበር። እኔም ሳቅሁ።

ከዚያ ጠየቀችኝ። «መምህር፣ እነዚያ የእስክንድርያ ሰዎች በሽተኞቹን ሲያስታምሙ፣ ለሌላ ሰው አስይዘው ይሆን?»

«አልተጻፈም» አልኳት።

«ለምን አልተጻፈም?»

ይህን ሁሉ ዘመን ሳስተምር ራሴን ጠይቄው አላውቅም። ማን እንዳስታመመ ተጽፏል፤ ማን ማንን እንዳስያዘ የጻፈ የለም። እንዲህ አልኳት። አሁን ሳትስቅ፣ «እኔ ነኝ ያስያዝኩዎት?» አለችኝ።

ልጅቱ አምናዋለች። ሰፈሩ ሲያወራ ሰምታ አምናዋለች። «አይደለሽም፤ እኔ ነኝ አንቺን ያስያዝኩሽ» አልኳት። እናትየዋ ከመኪናዋ ቀና አለች። «ይህን እዚህ ጓዳ ውስጥ ለእኛ መንገር ምን ያደርጋል? እኛ እናውቀዋለን» አለችና መርገጫውን ረገጠች።

ቤቴ እስክደርስ በራሴ ላይ የተናደድኩትን ያህል በማንም ተናድጄ አላውቅም። ግን አልተናገርኩም። ለማን ልናገር? ደጅ ነው የሚያቆሙኝ። አንድ ነገር ንገሪኝ፦ ልጅቱ ድና ስትመለስ ሌሎቹን ልጆች ታሰጋለች? ወላጆቹ ከአሁኑ ማጉረምረም ጀምረዋል።

አባትሽ


ሚያዝያ ፳ ቀን

አባባ፣

አታሰጋም። ስትታመምም እምብዛም አታሰጋም ነበር፤ ልጆች ይህን በሽታ ከማስተላለፍ ይልቅ መቀበል ነው የሚችሉት። መድኃኒቷን ስትጨርስ ከሊቀ መንበሩ ይልቅ እሷ ትታመናለች፤ እሱ እስካሁን ሳሉን አልተመረመረም።

እናቷን አላውቃትም፤ ግን ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። እኔ በዚህ ሁሉ ትምህርቴ ያላደረግሁትን ነው ያደረገችው።

ለጤና ጣቢያው እንደጻፍኩት ለሰበካ ጉባኤውም ልጽፍ ተነሥቼ ነበር። ግማሽ ድረስ ጽፌ ቀደድኩት። የጎደለው የሐኪም ምስክርነት አይደለም። ከዚህ በኋላ በዚህ ጉዳይ አልጠይቅዎትም፤ ቁጣዬ በርዶ ግን አይደለም።

ልጅዎ


ሰኔ ፬ ቀን

ልጄ፣

እንደምን አለሽልኝ? መድኃኒቱን ጨርሰናል፤ ሳቂታም እኔም። ሁለታችንንም ድናችኋል ብለውናል። ቀበቶዬ ወደ ድሮ ቀዳዳው ሊመለስ ነው።

ሊቀ መንበሩ ሽማግሌዎች አስከትሎ ቤቴ መጣ። ያለፈው አለፈ፣ መምህራችን በክብር ይመለሱልን፣ እሑድም ከቅዳሴ በኋላ «የቀደሙት ክርስቲያኖች በቸነፈር ዘመን ያሳዩት ፍቅር» በሚል ርእስ ያስተምሩልን አለኝ። ደስ አለኝ። አልዋሽሽም፤ ኮቴን አስተኮስኩ፣ ጫማዬን ራሴ ቀባሁ። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ የምናገረውን ሳሰላስል ነው። የሳቂታ ስም እንዴት እንደሚነሣ አስቤበታለሁ ብልሽ ደስ ይልሽ ነበር። አላሰብኩበትም። የአግዳሚው መሐል ሲለቀቅልኝ ነበር የሚታየኝ።

ስደርስ ሕዝቡ ተነሣልኝ። እጄን የጨበጠኝ ብዛቱ! ፊት ለፊት ባለ መደገፊያ ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። ልጆቹ ጎን ላይ ተሰልፈው ነበር፤ ባይ ባይ ሳቂታ የለችም። ጎኔ ያለውን ሽማግሌ ጠየቅሁት። «ከእናቷ ጋር ደጅ ደረጃው ላይ ናቸው። ወላጆች ስለፈሩ፣ ለጥቂት ጊዜ እንዲያው...» አለኝ። እኔ እዚህ፣ እሷ እዚያ! ደሜ ፈላ፤ ግን ልጄ፣ አሁንም ተቀምጫለሁ።

ሊቀ መንበሩ ሊያስተዋውቀኝ ተነሣ። ስለ ዘመኔ፣ ስለ ትዕግሥቴ አወራ። ከዚያ «እኒህ አባት ሕፃናትን አልጠላም ብለው ሲያቅፉ፣ ከአንዲት ምስኪን ሕፃን በተላለፈባቸው ደዌ ተፈትነው» አለ፤ ሕዝቡም ከንፈሩን መጠጠልኝ። በሩ ክፍት ነበር። ደረጃው ላይ ይሰማል።

ተነሣሁ። ያዘጋጀሁትን ወረቀት ከኪሴ አላወጣሁም።

«ልጅቱ አላስያዘችኝም። እኔ ነኝ ያስያዝኳት» አልኩ። «ወራት ሙሉ ሳስል፣ ልጄ እየጻፈች ስትለምነኝ፣ መስኮት ጠፍሬ ክርኔ ሥር አስቁሜ አስነበብኳት። እናቷ ታማብኛለች ስትለኝ ጸልዩላት ብዬ አለፍኩ። እናንተ እሷ ናት ስትሉ ሰምቻለሁ፤ ዝም ያልኩት ደግ ሽማግሌ መባሉ ስለጣፈጠኝ ነው።»

ሊቀ መንበሩ ክርኔን ያዘኝ። «መምህር፣ ርእሱ እኮ ስለ ቀደሙት አባቶች ነው» አለኝ በሹክሹክታ።

«ርእሱ ይኸው ነው» አልኩት፤ እኔ በሹክሹክታ አይደለም። «አስታማሚዎች ነን እያልን በሽተኛ ደጅ የምናቆም እኛ ስለ እስክንድርያ ለማውራት አፋችን አያፍርም? ያዳነኝን ሰው ልታዩ ብትፈልጉ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች፤ እንዳትገባ ከልክላችኋታል!»

ያጨበጨበ የለም፤ እንዳይመስልሽ። ከኋላ አንድ አባት ተነሥቶ «የእኔም ልጅ እዚያ ክፍል ነበረች! እያወቁ ነው?» ብሎ ጮኸብኝ። እውነቱን ነው። «እያወቅሁ ነው» አልኩት። ሌላውም ተነሣ፤ እንደዚያ ያከበሩኝ ሰዎች ፊት እንዴት እንደተለወጠ ማየት ነበረብሽ። ሊቀ መንበሩ መዝሙር ይጀመር አለ። ወንበሩን ትቼ በመሐላቸው ወደ በሩ ሄድኩ፤ ዳግመኛ መንገድ ለቀቁልኝ፤ ከበሽታው ጊዜ ይልቅ ሰፋ አድርገው።

ደረጃው ላይ የሳቂታ እናት ቀና ብላ አየችኝ። ሁሉን ሰምታለች። እንደ ልማዷ ትሰድበኛለች ብዬ ቆምኩ።

«አሁን ነው የምትመጣው?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት።

ወደ ልጇ ዞረችና፣ «ጠጋ በይለት» አለቻት።

አባትሽ